ለቅርስ እንስጥ ወይስ ለሰው? ብር ከኪስ ከመውጣቱ በፊት የሚነጻጸሩ አምስት አማራጮች

ጥላ ዘቅዝቀው የሚለምኑትን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። መኪናው ላይ ሞንታርቦ ተጭኗል። መዝሙር ይሰማል። ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት ጥላቸውን ገልብጠው በታክሲ ሰልፍ መሀል ያልፋሉ። ሳንቲሙም ብሩም ጥላው ውስጥ ይወድቃል። በዚያው ሰልፍ ጥግ ደግሞ ልጇን ያቀፈች ሴት መሬት ላይ ተቀምጣለች። ኪሳችሁ ውስጥ አንድ መቶ ብር አለ። ለማን ትሰጡታላችሁ?

ውጭ አገር ያለውም ያው ጥያቄ አለበት። እሱ ጋ የሚመጣው በቴሌግራም ግሩፕ ነው። ጠዋት "የአባቶቻችን ቅርስ ሊፈርስ ነው" የሚል ጎፈንድሚ (የኢንተርኔት መዋጮ) ይላካል፤ ማታ ደግሞ የተፈናቀሉ ሰዎች ፎቶ ይመጣል።

እኔ በአንድ የትውልድ አካባቢ ማኅበር ውስጥ ለዓመታት ገንዘብ ያዥ ሆኜ አገልግያለሁ። ይህን ክርክር ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጥረውም። ሰው ሲቆጣም አይቻለሁ፣ ሲያለቅስም አይቻለሁ። አንዱ "ሰው እየተራበ ለድንጋይ?" ይላል። ሌላው "ድንጋዩ ከጠፋ እኛ ማን ነን?" ይላል። ሁለቱም ከልባቸው ነው።

የኔን አቋም ላስቀድም። ምጽዋት ለቅርስ መዋል አለበት እላለሁ፤ ግን ለሁሉም ዓይነት የቅርስ ሥራ አይደለም። ከትንሽ ኪስ የሚወጣ ብር በጣም የሚጠቅመው ለጣሪያ፣ ለአሸንዳ፣ ለብራና፣ ለጠባቂ ደመወዝ ነው። ስማቸው ዓለም ያወቃቸው ትልልቅ ቅርሶች ብዙ ጊዜ ሌላ ከፋይ አላቸው። ረሀብና ጦርነት ሲመጣ ደግሞ ሰው ይቀድማል። እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ቀጥዬ አሳያለሁ። ዓመቶቹ፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ድሮ ማን ነበር የሚጠግነው?

"ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለአራሽ" ሲባል ሰምታችኋል። አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት በጉልት መሬት፣ ማለትም ገበሬው ግብር በሚከፍላቸው መሬት፣ ይኖሩ ነበር። ክዳን የሚለውጠው፣ ግንብ የሚያቆመው ከዚያ በሚገኘው ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ያ ገቢ ቆመ። ገበሬው ተሸክሞት የነበረው ሸክም ቀላል አልነበረምና ያ ሥርዓት ይመለስ የምል ሰው አይደለሁም። ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ሕንፃዎቹ ቀሩ፣ የሚጠግናቸው ገቢ ሄደ። ከዚያ ወዲህ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ የተንጠለጠለው በሙዳየ ምጽዋትና በተዘቀዘቀ ጥላ ላይ ነው። በሙስሊሙ በኩልም ለመስጊድ የተወቀፈ (በስጦታ የተሰጠ) ቤትና መሬት ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሞታል። ስለዚህ "ለቅርስ ምጽዋት ምን አገባው?" ለሚለው መልሱ ይህ ነው፦ ለብዙዎቹ ሌላ ምንም የላቸውም።

መጀመሪያ መመዘኛው

ማኅበራችን ሲጨቃጨቅ ኖሮ በመጨረሻ የተስማማባቸው አምስት ጥያቄዎች አሉ።

1. ቢዘገይ ይመለሳል? የተራበ ሰው ነገን አይጠብቅም። ውኃ የሚፈስበት ሥዕልም ብዙ ክረምት አይችልም። ደረቅ ሆኖ የቆመ ግንብ ግን ዓመታት ሊጠብቅ ይችላል።
2. ሌላ ከፋይ አለው? መንግሥት፣ የመግቢያ ትኬት፣ የውጭ መንግሥት፣ ትልቅ ድርጅት።
3. የኔ ብር ይታያል? አንድ ሺህ ብር ሥራውን ወደፊት ይገፋዋል ወይስ ባሕር ውስጥ ጠብ ያለ ጠብታ ይሆናል?
4. ባለሙያና ፈቃድ አለ? በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ዓ.ም. መሠረት ቅርስ ለመጠገን አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ ማግኘት ግዴታ ነው። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም።
5. ከታደሰ በኋላ ማን ያየዋል? ሪባን ተቆርጦ ሁሉም ወደ ቤቱ ሲሄድ ቁልፉን የሚይዘው ማን ነው?

ደረሰኝን ከመመዘኛ አልቆጠርኩትም። ደረሰኝ የማይሰጥ አካል ወደ ንጽጽሩ ጭራሽ አይገባም።

አንደኛው አማራጭ፦ ስመ ጥር ቅርሶች

ላሊበላን እንውሰድ። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ፣ ዝርዝሩን ከከፈቱት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነበሩ። ድንጋዩ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው፤ ቀዳዳ ይበዛበታል፣ ውኃ ይጠጣል። ክረምት ይጠጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ይህን ለማስቆም ብዙዎች ሞክረዋል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በተደረገ ጥገና ግድግዳው ሬንጅና ቀለም ተቀብቶ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ የመጡት ባለሙያዎች አንዱ ሥራቸው ያንን መልሶ ማንሳት ሆነ። በ2008 አካባቢ ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ አራት ግዙፍ መጠለያዎች በብረት ምሰሶ ቆሙ። አምስት አብያተ ክርስቲያናትን ይሸፍናሉ። የተተከሉት ለጊዜው ተብለው ነበር። በ2018 የከተማው ሰው "ይነሱልን" ብሎ አደባባይ ወጣ። ክብደታቸው አለቱን ይጫነዋል፣ አንድ ቀን ይወድቁበታል የሚል ስጋት ነበረው። በ2019 የፈረንሳዩ ፕሬዝዳንት ማክሮን ላሊበላ ድረስ መጥተው የአገራቸውን ድጋፍ ቃል ገቡ።

ይህን ሁሉ ያመጣሁት ለምን መሰላችሁ? እዚህ ደረጃ ላይ ገንዘብ ብቻውን ችግር አይፈታም። በቅን ልብ የተቀባ ሬንጅ ሌላ ትውልድ መፋቅ ያለበት ዕዳ ሆኗል። ጥናት፣ መሐንዲስ፣ ረጅም ክርክር ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ የመንግሥታትና የትልልቅ ተቋማት ሥራ ነው።

ሌላ ከፋይም አለ። ለውጭ አገር ጎብኚ የላሊበላ መግቢያ ለዓመታት 50 ዶላር ነበር። የአክሱም ሐውልት በ2005 ከሮም ሲመለስ፣ በ2008 መልሶ ሲቆምም ወጪውን የሸፈነችው የወሰደችው ጣሊያን ናት። ከላሊበላዎቹ አንዱን፣ ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልን፣ የጠገነው መቀመጫውን ኒውዮርክ ያደረገው የዓለም ሐውልቶች ፈንድ ሲሆን፣ የአሜሪካ መንግሥት የአምባሳደሮች ፈንድም አብሮት ነበር። የዓለም ሐውልቶች ፈንድ ራሱ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ስለዚህ ምጽዋት ለትልቅ ቅርስ አይሠራም ማለቴ አይደለም። የሚሠራው ግን ባለሙያ ባለው ተቋም በኩል ሲያልፍ ነው።

የፓሪሱን ኖትር ዳም አስታውሱ። ሚያዝያ 2019 ሲቃጠል ከ800 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተሰበሰበ። ወደ 340,000 ሰው ሰጠ። ስድስት ዓመት ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 2024 ተከፈተ። በወቅቱ "ለድሃው ሲሆን ይህ ገንዘብ የት ነበር?" ብለው ብዙ ፈረንሳዮች ተቆጥተዋል። ጥያቄው ፍትሐዊ ነው። እኔን ይበልጥ የነካኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያው ሰሞን በአሜሪካ ሉዊዚያና ሦስት የጥቁሮች አብያተ ክርስቲያናት ሆን ተብሎ በተለኮሰ እሳት ተቃጥለው ነበር። ብዙም ዞር ብሎ ያያቸው አልነበረም። ፓሪስ ስትነድ አንዳንድ ሰዎች "እነዚያንም አትርሱ" አሉ። በጥቂት ቀናት ውስጥ የሦስቱ መዋጮ ከ2 ሚሊዮን ዶላር አለፈ። ለነዚያ ሦስት ምእመናን ያ ገንዘብ ሁሉም ነገር ነበር። ኖትር ዳም ላይ ቢጨመር ማንም አያየውም ነበር።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። "ቅርሱ ከታደሰ ቱሪስት ይጎርፋል፣ ድሃውም ይበላል" የሚል ስብከት ስትሰሙ ቶሎ አትመኑ። ላሊበላ መጀመሪያ በኮሮና፣ ቀጥሎ በ2021 በጦርነቱ ጎብኚ ሲጠፋባት አስጎብኚውም ሆቴሉም ባዶ እጁን ቀርቷል። አብያተ ክርስቲያናቱ ግን እዚያው ነበሩ። ቱሪስት የሚያመጣው መጀመሪያ ሰላም ነው።

ሁለተኛው አማራጭ፦ የአጥቢያው ጣሪያ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ማኅበራችን ለአንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ብር ሊልክ ሲያስብ ሄጄ እንዳይ ላኩኝ። ሐምሌ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፤ የሣር ክዳኑ ድሮ በቆርቆሮ ተለውጧል። ቅኔ ማህሌቱን አልፌ ወደ መቅደሱ ግድግዳ ስጠጋ ጠብ ጠብ የሚል ድምፅ ሰማሁ። አንገቱ የተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን መሬት ላይ ተቀምጧል። ከጀሪካኑ በላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ላይ አለ። ውኃው በቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳ ይገባል፣ በወራጁ እንጨት ይወርዳል፣ ከዚያ የፈረሱ አንገት ላይ ቡናማ መንገድ አበጅቷል። ሥዕሉ የተሣለው ጨርቅ ላይ ነው፤ ጨርቁ ደግሞ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። እርጥበት ሲበዛ ጨርቁ ከጭቃው ይላቀቃል። አንዱ ጥግ ተንጠልጥሎ ነበር። መሪጌታው በጣታቸው መልሰው ሊያጣብቁት ሞከሩ፣ አልሆነም፣ ተዉት።

"ልጄ፣ ይህን ሁሉ ያደረገች ሚስማር ናት" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የሚስማሩ ጎማ ያረጃል፣ ይሰነጠቃል፣ ቀዳዳው ይሰፋል። ጎማ ያለው ሚስማር በየጥቂት ዓመቱ መቀየር፣ አሸንዳ ማሰርና ማጽዳት፣ በመሠረቱ ዙሪያ ውኃ የሚያርቅ ቦይ መቅደድ፤ ያ ቤተ ክርስቲያን የሚያስፈልገው ይኸው ነበር። ለዚህ የሚሆን ገንዘብ የማኅበራችን የአንድ ዓመት መዋጮ ይበቃዋል። ሥዕሉ አንዴ ከጠፋ ግን የዓለም ገንዘብ አይመልሰውም። ሌላ ሠዓሊ ሌላ ፈረስ ይሥልልናል እንጂ ያኛው አይመለስም።

በአምስቱ መመዘኛ ስታዩት ይህ አማራጭ ከሦስቱ ጋር በደንብ ይሄዳል። የማይመለስ ነገር ያድናል። ሌላ ከፋይ የለውም፤ ቱሪስት እዚያ አይደርስም፣ ኤምባሲም አያውቀውም። ትንሽ ብርም ይታይበታል። የሚደክመው በአራተኛው ነው። ባለሙያ ይጎድለዋል።

የሲሚንቶ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ስሙን የማልጠራው ሌላ ቦታ የሕንፃ ኮሚቴው በቅን ልብ ጥንታዊውን የድንጋይ ግድግዳ በሲሚንቶ ለሰነው። ሲያዩት ያምራል፤ ተመረቀ፣ ተጨበጨበ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ልስኑ እየተላቀቀ መውደቅ ጀመረ። ብቻውን ቢወድቅ ደግ ነበር፤ የድንጋዩን ፊት እንደ ዳቦ ቅርፊት ይዞ ይወርዳል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ኖራ ይተነፍሳል፤ ግድግዳው ውስጥ የገባው እርጥበት በኖራው በኩል ይወጣል። ሲሚንቶ ግን ይዘጋዋል። ውኃው መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን ከውስጥ ይበላዋል። የጎንደር ነገሥታት ግንቦች በኖራ የተሠሩ ናቸው። በጣሊያን ወረራ ዘመን በተደረገው ጥገና ሲሚንቶ ገብቶባቸው ነበር፤ በኋላ የመጡት ጠጋኞች ወደ ኖራ መመለስ ግድ ሆነባቸው። ስለዚህ ለአጥቢያ ጥገና ስትሰጡ ኖራ ለሚያውቅ ግንበኛ የሚከፈለውንም አስቡበት። ኖራውን በውኃ አብርዶ ጉድጓድ ውስጥ ማክረም የሚያውቁ ሽማግሌዎች እየቀነሱ ነው። ሁለት የሰፈር ወጣቶች አብረዋቸው እንዲሠሩ መክፈል ከጣሪያው በላይ ይቆያል። ብሩም እዚያው መንደር ውስጥ ይቀራል፤ ጤፍ ይገዛል፣ ደብተር ይገዛል። ለሰውና ለቅርስ የሚሰጠው ገንዘብ የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው።

ይህ የክርስቲያኑ ብቻ ጉዳይ አይደለም። የሐረር ጀጎል አሮጌ ቤቶች፣ በየገጠሩ ያሉ ትንንሽ መስጊዶችና የመቃብር ስፍራዎች ተመሳሳይ ጥገና ይሻሉ። የነጋሽ መስጊድ ታሪክም ያስተምራል። በቱርክ መንግሥት የልማት ተቋም በቲካ ድጋፍ ታድሶ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ በ2020 መጨረሻ በጦርነቱ ተመታ። አምስተኛውን ጥያቄ ስንጠይቅ ይህንንም ማሰብ አለብን።

ሦስተኛው አማራጭ፦ ብራና

ሰው ቅርስ ሲባል ሕንፃ ነው የሚታየው። ለኔ ግን በብር ስናሰላው ከሁሉም በላይ የሚያተርፈው ይህ ነው።

ዓድዋ አቅራቢያ ያለውን የአባ ገሪማ ገዳም አስቡ። በካርቦን ምርመራ ወንጌሎቹ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ የተጻፉ መሆናቸው ታውቋል። በዓለም ላይ ከነሱ ጋር የሚስተካከል ሥዕል ያለው ወንጌል ጥቂት ነው። ገጾቹ ግን ተበታትነው፣ በተሳሳተ ቅደም ተከተል ተጠርዘው ነበር። የኢትዮጵያ ቅርስ ፈንድ የተባለ አንድ ትንሽ የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት የመጽሐፍ ጥገና ባለሙያዎች ላከ። መጻሕፍቱ ከገዳሙ አይወጡም፤ ስለዚህ ባለሙያዎቹ መሣሪያቸውን ይዘው ሄደው እዚያው በመነኮሳቱ ፊት ሠሩ። አንድም ጨረታ፣ አንድም ክሬን አላስፈለገም።

ፎቶ የማንሳቱ ሥራም አለ። በሚኒሶታ የሚገኘው የሂል የብራና ቤተ መጻሕፍት ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ይዟል፤ ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን ሰጥተው ካታሎጉን የሠሩት እዚያ ነው። የትግራዩ ጦርነት ሲመጣ የተዘረፉ መጻሕፍት በኢንተርኔት ለሽያጭ መቅረባቸው ተዘግቧል። ቀድሞ ፎቶ የተነሳ መጽሐፍ ቢሰረቅ "የኛ ነው" ለማለት ማስረጃ አለ።

ቅድመ ሁኔታዬ ሁለት ነው። ቅጂው ለገዳሙም ይሰጥ፤ ገዳሙ ራሱ ይስማማ። ሌላው ሁሉ ቀላል ነው። ደረቅ ክፍል፣ አይጥ የማይገባው የብረት ሣጥን፣ መደርደሪያ፣ አዲስ ማኅደር።

አራተኛው አማራጭ፦ ቀጥታ ለሰው

እዚህ ላይ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። የምግብ፣ የሕክምና፣ የትምህርት፣ የአረጋውያን መርጃ ብር ለምን እንደሚሰጥ ሁላችንም እናውቃለን። እንደ መቄዶንያ ያሉ ቦታዎች ከመንገድ የተነሱ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን እንዴት እንደሚያኖሩ ሄዶ ያየ ሰው ይነግራችኋል። ከተቻለ ራሳችሁ ሂዱ፣ አንድ ቀን አሳልፉ።

በመመዘኛዬ ስለካው የመጀመሪያውን ጥያቄ ከማንም በላይ ያሸንፋል። የሞተ ሰው አይመለስም። ሁለተኛው ላይ ግን ይለያያል። ጦርነት ወይም ድርቅ ዜና በሆነበት ሰሞን ዓለም አቀፍ እርዳታ ይመጣል፤ ዜናው ሲያልፍ ያልቃል። የናንተ ብር በጣም የሚያስፈልገው ካሜራው ከሄደ በኋላ ነው።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ስለዚህ ሰብኳል። ቤተ መቅደሱን በወርቅ ከማስጌጥህ በፊት የተራበውን አብላ ነው ያለው። ማስጌጡን አልከለከለም፤ ቅደም ተከተሉን አስቀመጠ። እኔም የምከተለው ይህንኑ ነው። አገር ሲራብ የቅርስ መዋጮ ይቁም፤ ጣሪያው ላይ ሸራ ይወጠርበትና እስኪያልፍ ይጠብቅ።

አምስተኛው አማራጭ፦ "አሮጌው ፈርሶ አዲስ ይሠራ"

በቅርስ ስም ከሚለመነው ብዙው በእውነቱ ይህ ነው። ለአዲስ ሕንፃ ገንዘብ ቶሎ ይሰበሰባል። ፕላኑ በትልቅ ወረቀት ይለጠፋል፣ የሰጪው ስም እብነ በረድ ላይ ይቀረጻል። ምእመኑ በዝቶ ሰፊ ቦታ ቢያስፈልግ መሥራት መልካም ነው። አሮጌውን ማፍረስ ግን ሌላ ነገር ነው። አክሱም ላይ ንጉሠ ነገሥቱ በ1960ዎቹ ትልቁን የጽዮን ካቴድራል ሲያሠሩ የ17ኛው ክፍለ ዘመኗን ቤተ ክርስቲያን አላፈረሱም። ዛሬም ጎን ለጎን ቆመዋል። መስጠት ከፈለጋችሁ "አሮጌው ምን ይሆናል?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ "ይፈርሳል" ከሆነ ያ ብር የቅርስ ብር አይደለም።

ባጭሩ በሰንጠረዥ

| አማራጭ | ቢዘገይ ይመለሳል? | ሌላ ከፋይ | ትንሽ ብር ይታያል? | ባለሙያና ፈቃድ | በኋላ ማን ያየዋል? |
|---|---|---|---|---|---|
| ስመ ጥር ቅርስ | ብዙ ጊዜ ይጠብቃል | አለ | አይታይም | አለ፣ ክርክሩም ብዙ ነው | መንግሥትና ቤተ ክህነት |
| የአጥቢያ ጣሪያና ግድግዳ | አይመለስም | የለም ማለት ይቻላል | በጣም | ይጎድላል፣ መፈለግ አለበት | ሰበካ ጉባኤ ወይም የመስጊድ ኮሚቴ |
| ብራና | አይመለስም | ጥቂት የውጭ ድርጅቶች | በጣም | አለ፣ ቁጥሩ ትንሽ ነው | ገዳሙ፣ ቅጂው ቤተ መጻሕፍት |
| ቀጥታ ለሰው | አይመለስም | እንደ ወቅቱ | ወዲያው | እንደ ድርጅቱ | ድርጅቱና ቤተሰብ |
| አፍርሶ አዲስ መሥራት | ይጠብቃል | አለ፣ ቶሎ ይሰበሰባል | በመጠኑ | ለማፍረሱ ፈቃድ መጠየቅ አለበት | ምእመኑ |

እንደ ኪሳችሁ

*በወር ጥቂት መቶ ብር የምትሰጡ ከሆነ* አትበትኑት። አንድ ቦታ ምረጡና በየወሩ ስጡ። እኔ ብሆን ለሰው የሚሠራ ድርጅት እመርጣለሁ፤ በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ለተወለድኩበት አጥቢያ ጣሪያ የሚሆን እልካለሁ። ለላሊበላ መስጠት ያማራችሁ ለገና ሄዳችሁ እዚያው እደሩ፣ እዚያው ብሉ፣ አስጎብኚ ቅጠሩ።

*አሜሪካና እንግሊዝ ላላችሁ* የታክሱን ነገር አትርሱ። አሜሪካ ውስጥ በበጎ አድራጎትነት በተመዘገበ ድርጅት በኩል ካልሆነ፣ በቀጥታ ለመንደር ቤተ ክርስቲያን የላካችሁት ከታክስ አይቀነስም። እንግሊዝ አገር ግብር ከፋይ ከሆናችሁ በጊፍት ኤድ በኩል በሰጣችሁት በየአንዱ ፓውንድ ላይ 25 ፔንስ ይጨመርለታል። ለብራና ሥራ የተመዘገቡ ድርጅቶች ስላሉ ይህ አማራጭ ለናንተ የተመቸ ነው።

*ማኅበርና እድር* በጣም ጥሩ መሥራት የሚችለው ሁለተኛው አማራጭ ላይ ነው። አካባቢውን ያውቃል፣ ሰው አለው፣ መጠየቅ ይችላል። አንድ ልማድ ግን ያዙ። ከተሰበሰበው ከዐሥር እጅ ሦስቱን ለሥራው አታውጡት፤ ባንክ አስቀምጡት። በየዓመቱ አሸንዳ ለሚያጸዳው፣ ሚስማር ለሚቀይረው ሰው የሚከፈለው ከዚያ ነው። የኛ ማኅበር ይህን የተማረው ዘግይቶ ነው። የመጀመሪያውን ጣሪያ አሠርተን ጨረስን ብለን ሄድን። ከአራት ክረምት በኋላ ያው ስልክ ተደወለልን።

*ለወላጅ መታሰቢያ ማድረግ የምትፈልጉ* ከሰፊ ተዝካር ላይ ቀነስ አድርጋችሁ የአንድ ዕቃ ቤት ጠባቂ ወይም የአንድ የቅኔ ተማሪ የዓመት ቀለብ መቻል ትችላላችሁ። እናቴ ስታርፍ እኛ ቤት ይህን አድርገናል። ስሟ እብነ በረድ ላይ የለም። በየዓመቱ ግን አንድ የቆሎ ተማሪ ስሟን ጠርቶ ይጸልያል።

*ድርጅትና ባለሀብት* ከሆናችሁ ትንንሾች የማይችሉትን ውሰዱ። የመሐንዲስ ጥናት፣ መወጣጫ ብረት፣ የኖራ ግንበኞች ሥልጠና። ለምርቃት የሚሆን ፎቶ የለውም፤ ሥራው የሚቆመው ግን በነሱ ነው።

ከመላካችሁ በፊት

ስልክ አንሱና እነዚህን ጠይቁ። ሂሳቡ በማን ስም ነው፣ ስንት ሰው ይፈርምበታል? በአንድ ሰው የግል ሂሳብ ከሆነ ተዉት፤ ሰውየው ታማኝ ቢሆን እንኳ ለራሱም አይበጀውም። የቅርስ ባለሥልጣኑ ወይም በእሱ በኩል የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የሰጠው የፈቃድ ደብዳቤ አለ? ፎቶ አንስተው ይላኩላችሁ። ግንበኛው ማን ነው፣ ኖራ ነው ሲሚንቶ የሚጠቀመው? ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሥዕሉና ግድግዳው ፎቶ ተነስቷል? ለገዳምና ለቤተ ክርስቲያን ከሆነ ሀገረ ስብከቱ ያውቃል? እነዚህን ስትጠይቁ የሚቆጣ ሰው ያጋጥማችኋል። "እግዚአብሔርን ነው የምትጠራጠሩት?" ይባላል። መሪጌታው ግን አልተቆጡም። ጥያቄውን ሁሉ ጽፈው በዝርዝር መለሱልን፤ ያለ ማኅተም ደብዳቤ አልላኩም።

ጊዜውንም አስተካክሉ። ሰው የሚሰጠው ጣሪያው ሲያፈስ ሲያይ፣ በሐምሌ ነው። በሐምሌ ግን ጣሪያ አይከፈትም፣ ኖራም አይደርቅም። መዋጮውን ከጥቅምት እስከ ጥር ሰብስቡ። ፈቃዱን በዚያው ጨርሱ። ሥራው ከየካቲት እስከ ግንቦት ይሁን። ከዚያ በነሐሴ፣ ዝናቡ በበረታበት ቀን፣ መሪጌታው ዘንድ ደውሉና ጀሪካኑ አሁንም እዚያው እንደሆነ ጠይቁ።